በረኛው ለምን ከፈተ?

በር ይሠራል። ስሙን ግን ከእናቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያውቅለት የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ «በረኛው» ነው የሚለው። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ፣ አንዳንዱ በር ስለሚሠራ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ በልጅነቱ ኳስ ይይዝ ነበር መሰለኝ ብሎ ቁመቱን በዐይኑ ይለካል። ኧረ ወዲያ! እሱ እንኳን ኳስ ሊይዝ፣ ከመደርደሪያ ላይ ሙጫ የሚያወርደውም በርጩማ ላይ ወጥቶ ነው። ስሙ የወጣለት ስድስተኛ ክፍል ሳለ፣ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። የዚያን ለት አንዲት ትልቅ ከተማ በእሱ እጅ ወደቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ትንሹ «ቲቸር» የሚላቸው የታሪክ አስተማሪ አሉ፤ ታሪክ ተቀምጠው ቢሰሙት አይገባም ባይ ሴት ናቸው። መጽሐፉ ውስጥ የጥንቷ ዋና ከተማ እንዴት እንደተያዘች የሚተርክ ምዕራፍ አለ። እዚያ ሲደርሱ ወንበሩ ሁሉ ወደ ግድግዳ ይጠጋል፣ የክፍሉ በር የከተማይቱ በር ይሆናል፣ ኮሪደሩ የጠላት ሰፈር ይሆናል። ማን ምን እንደሚሆን የሚለየው በዕጣ ነው፤ ዕጣው የሚወጣው ከቲቸር ባርኔጣ ውስጥ ነው። ንጉሥ የደረሰው የወረቀት ዘውድ ይደፋል፣ ጄኔራል የደረሰው ሠራዊቱን ይዞ ኮሪደር ይወጣል፣ ፈረስ የደረሰው ዕድሉን እየረገመ ያሽካካል።

ማንም የማይፈልገው አንድ ዕጣ አለ፤ እሱም የበር ጠባቂው ነው። መጽሐፉ ስለዚህ ሰው የሚለው አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት፦ «ከብዙ ወራት ከበባ በኋላ የበር ጠባቂው በሩን ለጠላት ስለከፈተ ከተማይቱ ተያዘች።» በቃ፣ ሌላ የለም። ማን ነበር፣ ከየት መጣ፣ ልጆች ነበሩት ወይ፣ ምንም አይልም። በቲቸር ክፍል ግን ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። ንጉሡም ፈረሱም ወደየቦታቸው ተመልሰው ሲቀመጡ፣ በረኛው ሰሌዳው ሥር ብቻውን ይቆምና ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይጠይቀዋል፦ «ለምን ከፈትክ?» ልጁ ከራሱ አውጥቶ መመለስ አለበት። ቲቸር እጃቸውን አጣጥፈው ያዳምጣሉ፤ ትክክል ነው አይሉ፣ ተሳስተሃል አይሉ። ከዚያ ደወል ይደወላል፣ ሁሉም ለእረፍት ይወጣል።

ጉዱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በከተማው ውስጥ ስድስተኛ ክፍልን ያለፈ ሰው ሁሉ በቲቸር እጅ ነው ያለፈው። ሁሉም ታዲያ የራሱ ክፍል በረኛ የመለሰውን ያቺን መልስ እንደ ታሪክ ቆጥሮ ይዟት ወጣ። አንድ ዓመት በረኛው ከተማይቱን ለወርቅ ሸጣት፤ ሌላ ዓመት ሕፃናቱ ተርበው አሳዘኑት፤ ሌላ ዓመት ደግሞ ንጉሡ ሰድቦት ቂም ያዘ። ባል የወርቁ ክፍል፣ ሚስት የረሃቡ ክፍል የሆኑበት ቤት ስንት አለ መሰላችሁ! ክርክሩ ሲነሣ ሁለቱም ደረታቸውን ነፍተው «ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ» ይላሉ። አልዋሹም፣ ተምረውታል።

በረኛው የሚሠራው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው። ወርክሾፑ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ረጅም ክፍል ነው፤ ያላለቁ በሮች ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ወለሉ በሰጋቱራ ተሸፍኗል፣ አየሩ ሙጫና ቫርኒሽ ይሸታል። ታላቅየው ይልጋል፣ ይገጥማል፣ ማጠፊያ ይመታል፤ ታናሽየው ቀለም ይቀባል፣ እግረ መንገዱንም ያወራል። ታናሽየው የወርቁ ክፍል ነው። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ በነሣ ቁጥር አንድ ከረጢት ወርቅ በበሩ ሥር እንዴት ሾልኮ እንደገባ ይተርካል፤ ከረጢቱ ምን ዓይነት ቆዳ እንደነበር ሳይቀር ያውቃል። ደንበኛው የረሃቡ ክፍል ከሆነ ያን ቀን በሩ ሳይቀባ ይመሻል።

ታላቅየው በዚህ ክርክር ውስጥ አፉን ከፍቶ አያውቅም። እንዴት ይክፈት? በከተማው ውስጥ መልስ የሌለው አንድ ክፍል ቢኖር የእሱ ክፍል ነው፤ ያን መልስ የነፈጋቸውም እሱ ራሱ ነው።

በእነሱ ዓመት የጄኔራልነቱ ዕጣ የደረሳት አንዲት ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ጠላት ሁልጊዜ በሩን በእርግጫ እየመታ፣ እየጮኸ ነበር የሚመጣው። የዚያን ለት ግን ዳይሬክተሩ ጎረቤት ክፍል ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ቲቸር ውጊያው በጸጥታ እንዲሆን አዘዙ። በረኛው መወልወያውን እንደ መቀርቀሪያ በሩ ላይ አጋድሞ ቆመ። ንጉሡ ገና ዘውዱን እያስተካከለ ነው። ቲቸር «የመጀመሪያው ወር አለፈ» ብለው መቁጠር ሲጀምሩ፣ በረኛው መወልወያውን አነሣና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሠራዊቱ ራሱ ግራ ገብቶት ቆመ። ከተማዋ ወንበር ሳይሞቅ ወደቀች።

ክፍሉ በንዴት ጦፈ። ሌላው ክፍል እረፍት እስኪደርስ የሚዋጋበትን ጦርነት እነሱ ሳይጀምሩት ተሸነፉ። ንጉሡማ እንባ እንባ አለው። «ለምን ከፈትክ?» ብለው ጮኹበት። በረኛው ሰሌዳው ሥር ቆሞ ጫማውን አየ። ምላሱ ተሳሰረ፣ ፊቱ ቀላ፣ ላቡ በጀርባው ወረደ። ቲቸር ጠበቁ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ አንዲት ቃል አልወጣውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ በረኛው ሆኖ ቀረ።

ምክንያቱን ያውቀዋል፤ በደንብ ያውቀዋል። ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይኸው ጎልማሳ ሆነ። የዚያን ጊዜው ንጉሥ ዛሬ ከወርክሾፑ ማዶ ጎማ ይጠግናል። ነጋ ጠባ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ ይልና ያንኑ ይጠይቃል፤ «አሁንስ? ዘውዴን እንኳ በቅጡ ሳልደፋ! ለምን ከፈትክ?» በረኛው ይስቃል፣ መጋዙን ያነሣል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ድምፅዋ የማይሰማው ጄኔራልስ? ዛሬ ነርስ ናት፤ ድምፅዋም እንደ ድሮው አይደለም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በመርፌዋ ስላለፈ ከሩቅ ሲያያት መቀመጫውን በእጁ ሸፍኖ ይሮጣል። «ጄኔራል» የሚለው ስም እሷም ላይ ቀርቷል። ከዚያ ከበባ ከዓመታት በኋላ ለጤና ጣቢያው በር ልታዝ ወደ ወርክሾፑ መጣች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሷ ግን ሳትገባ መቃኑን በጣቷ አንጓ ሁለቴ፣ ቀስ አድርጋ መታች። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ እየላገ ነበር። ሳይዞር አወቃት። በሩ የተሠራው በብዙ ምልልስ ነው፤ አንዴ መያዣው ከፍ አለ፣ አንዴ ዝቅ አለ እያለች ትመላለስ ነበር። ያ በር ተጠናቆ ሳይገጠም ተጋቡ።

እስከ ዛሬም የገዛ ቤቷን በር ታንኳኳለች። ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ እያለ ቆማ ሁለቴ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ እሱም የያዘውን ጥሎ ሄዶ ይከፍታል። ታናሽ ወንድሙ ይህን ባየ ቁጥር፣ ሰውየው አንዴ በረኛ ከሆነ ሁልጊዜ በረኛ ነው እያለ ይቀልድበታል።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ሴት ናት። ከአፏ «ለምን» የምትል ቃል ስለማትጠፋ አባቷ «ለምንዬ» ይላታል። ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ገባች። ዘንድሮ ደግሞ ቲቸር ጡረታ የሚወጡበት ዓመት ነው፤ ትምህርት ቤቱ የመጨረሻዋ ከበባ በአዳራሽ ትሁን፣ የድሮ ተማሪዎችም ይጠሩ ብሎ ወሰነ። አዳራሹ መድረክ እንጂ የከተማ በር የሚሆን ነገር ስለሌለው፣ በሩን እንዲሠራ የታዘዘው ማን መሰላችሁ? በረኛው ይህን ሲሰማ ደስታውን የሚያደርግበት ጠፋው። ካለው ጣውላ ሁሉ ምርጡን መረጠ፤ ባለ ሁለት ክንፍ፣ ባለ ትልቅ መቀርቀሪያ በር ጀመረ። ታናሽየው ለአንድ ቀን ጨዋታ ይሄን ያህል ምን ያደክማል ቢለው፣ እንደ ዘፋኝ እያንጎራጎረ መላጉን ቀጠለ።

ዕጣው የወጣ ቀን ለምንዬ ደብተሯን ታቅፋ ወደ ወርክሾፑ መጣች። አላለቀሰችም። ባላለቀው በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የበር ጠባቂነቱ ዕጣ ለእሷ እንደደረሳት ነገረችው።

አባቷ መላጊያውን አስቀመጠ። የታየው ያ ሰሌዳ ነው፤ የታየው ያ ጫማ ነው። በአንድ ክፍል ልጆች ፊት ምላሱ የተሳሰረው እሱ፣ ልጁ በከተማው ሁሉ ፊት ስትቆም ምን ሊውጠው ነው? ዝም ብትል ከአባቷ ወረሰችው ሊሏት ነው፤ ስሙም ወደ እሷ ሊተላለፍ ነው። እሱ ስሙን ለምዶታል፣ እሷ ግን ለምን ትልመደው?

«አባዬ» አለችው። «አንተ ለምን ከፈትክ?»

ረሳሁት አላት። ለምንዬ ዐይኑን ትክ ብላ አየችው። አልረሳኸውም አላለችውም፤ ግን እንዳላመነችው አወቀ።

ስለዚህ ልጅቷ መልስ ይዛ እንድትቆም ቆርጦ ተነሣ። ማዘዣውን ሁሉ አቆየና ጥሩ መልስ መርጣ እንድትይዝ ብሎ ወደ ድሮ በረኞች ይዟት ዞረ። ከሁሉ በፊት የሄዱት ዳቦ ጋጋሪዋ ዘንድ ነው። እሳቸው ናቸው «ሕፃናቱ ተርበው ስላሳዘኑኝ» ብለው የዚያን ዓመት ክፍል ያስለቀሱት። ሴትዮዋ ከምድጃው ትኩስ ዳቦ እያወጡ ሰሟቸውና ሳቃቸው መጣ። የዚያን ለት ጠዋት ከቤት የወጡት ቁርስ ሳይበሉ ነበር፤ ሰሌዳው ሥር ቆመው ለምን ከፈትሽ ሲባሉ ሆዳቸው ጮኸ፣ ሕፃናቱ ትዝ ያሏቸውም ያኔ ነው። እስከ ዛሬ ታሪኩ እንዲያ ነው ብለው ለልጆቻቸው የሚነግሩ ሰዎች እንዳሉ ሲሰሙ ዳቦው ሊያመልጣቸው ነበር።

ቀጥሎ የአውቶቡሱ ሹፌር ዘንድ ሄዱ፤ የወርቁ ክፍል በረኛ እሱ ነው። መናኸሪያው ውስጥ መስታወቱን እየወለወለ አገኙት። እሱም ሳያፍር አወጣው፤ በዚያ ሰሞን የወርቅ ሌቦች ያሉበት ፊልም አይቶ ስለነበር ሌላ ነገር አልመጣለትም። በረኛው ይህን ይዞ ወደ ወርክሾፑ ሲመለስ፣ ሰተት ብሎ ለታናሽ ወንድሙ ነገረው። ተናጋሪው ራሱ ከፊልም አመጣሁት ብሏል፣ በቃ፣ ወርቅ የሚባል ነገር የለም አለው። ወንድሙ ብሩሹን ሳያቆም ራሱን ነቀነቀ። ሹፌሩ ረስቶታል፤ ነገሩ እንደሆነ ወርቅ ነው አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

በመንገድ ላይ አባትየው ልጁን ከሁለቱ የቱን እንደምትወድ ጠየቃት። ወርቁም ጥሩ ነው፣ ረሃቡ ግን አንጀት ይበላል፣ ሰው ያስለቅሳል እያለ መከራት። ለምንዬ ዳቦዋን እየገመጠች ትንሽ አሰበችና፣ የዳቦ ጋጋሪዋ ረሃብ የእሳቸው ነው፣ የሹፌሩ ፊልምም የእሱ ነው፣ እኔ በልቼ ነው የምሄደው አለችው። የሰው መልስ ይዤ አልቆምም አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ አንድም ነገር አልጠየቀችውም። ለምን የማትል ለምንዬ ቤቱ ውስጥ ስትዘዋወር አባቷ ጭንቅ ውስጥ ገባ። ጄኔራል ግን አልተጨነቀችም፤ ልጄን ተዋት፣ የምትለውን ታውቃለች እያለች ባሏን ታባብለው ነበር።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የየዓመቱ ነገሥታት፣ የየዓመቱ ጄኔራሎች፣ የየዓመቱ ፈረሶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቲቸር ያንኑ ባርኔጣቸውን ደፍተው መድረኩ ጥግ ላይ ቆሙ። በሩ ሲታይማ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ በረኛው አንገቱን ደፋ፣ ግን እስከ ጆሮው ፈገግ ብሏል። ጎማ ጠጋኙ ንጉሥ ከኋላው ዘንበል ብሎ፣ ይሄኛው እንኳ ትንሽ ይቆይልን አለው። ጄኔራል ባሏ አጠገብ ተቀምጣ ጉልበቱን ያዝ አደረገችው።

ጨዋታው አማረ። የፊት ጥርሱ የወለቀ አንድ ጄኔራል ሠራዊቱን እየነዳ በሩን አንቀጠቀጠው፤ በሩ ግን ፍንክች አላለም። ወሩ ተቆጠረ፣ ንጉሡ ቀለብ እንዲቆጠብ አዘዘ፣ ፈረሱ ታመመ። በመጨረሻ ለምንዬ መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ሳበችና ከፈተች። ከተማዋ በወጉ ወደቀች። ልጆቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፣ ለምንዬ መድረኩ መሐል ብቻዋን ቀረች።

«ለምን ከፈትሽ?» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

ለምንዬ ዝም አለች።

አባቷ ጫማዋን አየች ወይ ብሎ ተመለከተ፤ አላየችም። ዐይኗ አዳራሹ ውስጥ ሰው ይፈልጋል። ዝምታው ሲረዝም ግን ታናሽ ወንድሙ አላስቻለውም፤ ልጅቷን ልርዳት ብሎ ከኋላ ብድግ አለና «ለወርቅ ነው በይ!» አላት። ወዲያው ከወዲያኛው ጥግ አንዲት ሴት ተነሥታ፣ አታሳስታት፣ ሕፃናቱ ተርበው ነው አለች። ንጉሡ ሰድቦት ነው የሚሉም ተነሡ። ባልና ሚስት ተያዩ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተሟገተ፤ አዳራሹ የገበያ ቀን መሰለ። ሹፌሩ እየሳቀ ወርቁ የእኔ ነው፣ ከፊልም ነው ቢል የሚሰማው አላገኘም።

ቲቸር በመጀመሪያ አልገባቸውም። ቆይቶ ሲገባቸው፣ የንጉሡ ወንበር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑ። የሚያለቅሱ መስሎት ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ሲገልጡት እንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ ነበር።

«ልጆቼ» አሉ፣ ግማሹ ሽበት ያበቀለውን አዳራሽ እያዩ። «መጽሐፉ ምክንያቱን አልጻፈም። እኔም አላውቀው፣ ማንም አያውቀው። ማንም አያውቅም ልላችሁ ስል ደወሉ ይቀድመኛል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን እናንተ ያላችሁትን እንደ ታሪክ ይዛችሁ ትዞሩ ኖሯል?»

አዳራሹ ለአፍታ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሳቁ ፈነዳ። አንዳንዱ የሳቀው በሚስቱ ነው፣ አንዳንዱ በራሱ። ታናሽ ወንድምየው ብቻ ቆሞ ቀረ። ያ ሁሉ ወርቅ በአንድ ጊዜ ከእጁ ወጥቶበት፣ ከረጢቱንም ጭምር ነው ወይ እያለ አጠገቡ ያለውን ሰው ጠየቀ።

ሳቁ ጋብ ሲል ለምንዬ አሁንም መድረኩ ላይ ናት። እጇን አወጣች፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች። ቲቸር ተናገሪ አሏት።

«የመጽሐፉ በረኛ ለምን እንደከፈተ ማንም አያውቅም» አለች። «የአባቴ ክፍል በረኛ ግን እዚህ አለ። ለምን እንደከፈተም ያውቃል። እኔ ከመመለሴ በፊት አባቴ ይመልስ።»

ጉድ ፈላ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ። የክፍል ጓደኞቹማ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሽበታቸውን ረስተው፣ ከዓመታት በፊት እንደጮኹት ጮኹ፦ «ለምን ከፈትክ?» ከሁሉ በላይ የተሰማው የጎማ ጠጋኙ ድምፅ ነው።

በረኛው ተነሣ። ጫማውን አየ። ላቡ ያኔ በወረደበት መንገድ ወረደ። ዝም ብሎ ሊቀመጥም ይችል ነበር፤ ዝምታውን ሁሉም ለምዶለታል። ቀና ሲል ግን ልጁን አያት። አልፈራችም፤ መልሱን ብቻ ፈልጋ በትዕግሥት ትጠብቀዋለች። በአባቷ አላፈረችም፣ ለራሷም አልሰጋችም። ያኔ ልቡ ተከፈተለት።

«ስለተንኳኳ ነው» አለ።

ማንም አልገባውም። ጮክ በል አሉት።

«በእርግጫ ይመታሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብላ ሁለቴ አንኳኳች። ማን እንደሆነች አውቄአለሁ። ከእኔ ወንበር ሁለት ወንበር ፊት ነበር የምትቀመጠው። ውጭ ያለችው እሷ ስለሆነች ከፈትኩ። ይህን እንዴት አድርጌ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ልናገረው?»

ጄኔራል አጠገቡ ተቀምጣ ቀና ብላ ታየዋለች። መርፌ ይዛ እጇ ተንቀጥቅጦ የማያውቀው ያቺ ሴት በአንድ ጣቷ እንባዋን ጠረገች።

«ፈርተኸኝ ነበር የመሰለኝ» አለችው። «ይሄን ሁሉ ዘመን፣ ፈርቶ ነው ብዬ አዝኜልህ!»

ጎማ ጠጋኙ ከኋላ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። ዙፋኔን የወሰደብኝ ይሄ ከሆነ ይቅር ብያለሁ አለና በረኛውን አንገቱን አንቆ ሳመው። ጭብጨባውና እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ቲቸር ከወንበሩ ተነሥተው ባርኔጣቸውን ለበረኛው ዝቅ አደረጉለት። ያ ሁሉ ተማሪ ስለማያውቀው ሰው ሲነግረኝ ኖረ፣ አንተ ብቻ የምታውቀውን ነገርከኝ አሉት፤ ከዚያም ዘግይተሃል ብለው ቆጣ አሉ።

ለምንዬም መለሰች። የበር ጠባቂው ለምን እንደከፈተ አላውቅም፣ ብጠይቀው ግን ደስ ይለኝ ነበር አለች። ማንም አልሳቀባትም። አባቷ መቀመጥ ረስቶ ቆሞ ቀርቶ ነበርና ሚስቱ ኮቱን ይዛ ጎትታ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲያ ስለተከተለው ትንሽ እንጨምር። ቲቸር ከመውጣታቸው በፊት የመጨረሻውን ፈተና አወጡ፤ አንዱ ጥያቄ የከተማይቱ በር ለምን እንደተከፈተ የሚጠይቅ ነበር። አብዛኛው ልጅ «አይታወቅም» ብሎ ጽፎ ሙሉ ነጥብ አገኘ። ጥቂቶቹ ግን በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣ የጠላት ጄኔራል ሴት እንደነበረችና በሩን ቀስ ብላ ሁለት ጊዜ እንዳንኳኳች አብራርተዋል። ቲቸር ቀይ እስክሪብቷቸውን ይዘው እስኪደክማቸው ሳቁ፣ ዜሮም ሰጧቸው። ልጆቹ ግን አሁንም በአቋማቸው ናቸው፤ በአዳራሽ ተምረነዋል ይላሉ። ታናሽ ወንድምየውም ቀስ እያለ ወደ እነሱ እየተጠጋ ነው፤ ጄኔራሏ ስታንኳኳ ምናልባት ወርቅም ይዛ ይሆናል ማለት ጀምሯል።

ትልቁ በር ዛሬ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ተተክሏል። በረኛው እንደ ድሮው እየላገ፣ እየገጠመ ነው። ትልቁ በር የተተከለ ለት ማታ እቤቱ ተቀምጦ የተሰበረ መሳቢያ ሲያጣብቅ፣ እጁ በሙጫ ተለውሶ ሳለ፣ በሩ ሁለቴ፣ ቀስ ተደርጎ ተንኳኳ። ለምንዬ ከደብተሯ ቀና ሳትል፣ ቁልፍ አላት እኮ አለች። ቁልፍ እንዳላት ያውቃል። መሳቢያውን አስቀምጦ ተነሣና ከፈተላት።